ኮፈኑ ሥር ማን አለ?

የመኪና ኮፈን ተከፍቶ እያየ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሐበሻ ወንድ አላጋጠመኝም። ይቆማል። እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያያል። ከዚያ መኪናዋ የማን እንደሆነች፣ ምን እንደነካት ሳይጠይቅ «ካንዴላው ነው» ይላል።

ሁለተኛው ይደርሳል። «የምን ካንዴላ! ቤንዚን አይደርሳትም እንጂ።» ሦስተኛው ሁለቱንም በሐዘኔታ ያያቸውና «እስቲ አንዴ አስነሳት» ብሎ ያዛል። አራተኛው ሲመጣ ባለመኪናው ከጉዳዩ ወጥቷል፤ ቁልፉን ይዞ ዳር ላይ ቆሞ በገዛ ንብረቱ ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ይጠብቃል።

ልማዱ ውቅያኖስ ተሻግሮ አብሮን መጥቷል። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ኮፈን ብድግ ካለ ነጠላ የለበሰ ጉባኤ ወዲያው ይሟላል። ከጉባኤው ግማሹ ዕድሜውን በታክሲ የገፋ ነው። የክራውን ቪክቶሪያን ሕመም ከድምጿ የሚለዩ፣ በረዶ ላይ ተንጋለው ሞተሪኖ የፈቱ ሰዎች ናቸው። የእነሱን ምክር ሳይቀበሉ መሄድ ነውር ነው፤ ተቀብሎ መሄድ ደግሞ አንዳንዴ ወጪ ነው።

ይህን ሁሉ ወሬ ያመጣው የእድራችን ገንዘብ ያዥ የኤሌክትሪክ ፒካፕ መግዛቱ ነው።

ገንዘብ ያዣችን ከእድሩ መዝገብ የከበደ ነገር ተሸክሞ አያውቅም። ጠጠር አይጭን፣ እንጨት አይጭን። ግን አዲስ አበባ ላደገ የእኛ ዘመን ልጅ ፒካፕ ከጭነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ያኔ ፒካፕ ማለት ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ሃይሉክስ ማለት ደግሞ ፕሮጀክት፣ የመስክ አበልና ጥቁር መነጽር ነው። ሃይሉክስ ሰፈሩን አቧራ አልብሶ ሲያልፍ ያየ ልጅ ምኞቱን አልረሳውም። አሜሪካ ገብቶ፣ ልጆች አስተምሮ፣ የቤት ዕዳ ከፍሎ፣ ጸጉሩ ሲሸብት ምኞቱ ተራውን ጠየቀ።

ምኞትና ዋጋ ግን አብረው አይጠብቁም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ላይትኒንግ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒካፕ ሲያስተዋውቅ ርካሹ ከ40 ሺህ ዶላር በታች ነው ብሎ ነበር። ሰው ተራ ይዞ ሲጠብቅ፣ ያው ርካሹ በ2023 ጸደይ 60 ሺህ አፋፍ ላይ ቁጭ አለ። የገንዘብ ያዣችን መኪና የየትኛው ኩባንያ እንደሆነች ግን አልናገርም። እድሩ ውስጥ ነርስ አለን፣ ሒሳብ ሠራተኛ አለን፤ ጠበቃ የለንም።

መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የመጣች ዕለት እንኳን ደስ ያለህ ተባለ፤ ጎማዋ ተመታ፣ በሯ ተከፍቶ ተዘጋ። ገንዘብ ያዣችን ስልኩን ነካ ሲያደርግ ኮፈኑ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጉባኤው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀረበ። አንገት ሁሉ ሰገገ።

ውስጡ ምንጣፍ ነው። ንጹሕ ምንጣፍ፣ ትንሽ መብራት፣ አንድ ከረጢት የጤፍ ዱቄትና አንድ እሽግ ውሃ። ሰዎቹ ለቅሶ ቤት ደርሰው ሬሳው የጠፋባቸው መሰሉ።

«ሞተሩስ?» አለ አንዱ።

«ከታች ነው፤ ጎማዎቹ መሃል።»

«ካንዴላውስ?»

«የላትም።»

«ዘይቱን በስንት ጊዜ ነው የምትቀይረው?»

«የሞተር ዘይት የሚባል የለም።»

ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱት አዛውንት ጎንበስ ብለው ምንጣፉን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና ቀና አሉ። «ልጄ» አሉት ረጋ ብለው፣ «ተሰርቀሃል።»

ሴቶቹ ግን ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከእነዚህ ፒካፖች አንዳንዶቹ ከባትሪያቸው ኤሌክትሪክ መልሰው ይሰጣሉ፤ የፎርዱ ላይትኒንግ እስከ 9.6 ኪሎ ዋት ድረስ ያወጣል። እዚህ አገር ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ የእንጀራ ምጣድ 1.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። ሒሳቡን የሠሩት እናቶች ናቸው፤ ስድስት ምጣድ በአንዴ። ወንዶቹ የጠፋውን ሞተር ሲፈልጉ እነሱ ለደመራ ማን ምጣድ፣ ማን ሊጥ እንደምታመጣ ተከፋፍለው ጨርሰው ነበር።

የመጀመሪያው ሕመም የወጣው በር ላይ ነው። የዚህች መኪና የበር እጀታ ወደ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ ባለቤቱ ሲቀርብ ብቅ ይላል። በጥር ብርድ ብቅ ማለቱን ተወ። ገንዘብ ያዣችን ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ በኋላ በር ገብቶ፣ ከወንበር ወንበር ተንፏቆ ወደ መሪው ሲያዘግም ልጁ በመስኮት አይቶት «ዳዲ፣ መኪናውን እየሰረቅከው ነው?» አለው።

ሁለተኛው ሕመም ስክሪን ላይ ነበር። ማታ ጤነኛ ሆና ያደረች መኪና ጠዋት ስክሪኗ ጠቁሮ ተነሳች። ትሄዳለች፤ ፍጥነቷን ግን አትናገርም፣ ማሞቂያዋም አይታዘዝም። ደውሎ ሲጠይቅ «ሌሊት አፕዴት አድርጋ ነው» አሉት።

ይህ ዕጣ የእሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሪቪያን የተባለው ፒካፕ ሠሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የላከው አፕዴት የአንዳንድ ደንበኞቹን ስክሪን አጥፍቶባቸዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ አንድ ጣት ስቶ የተሳሳተውን ፋይል ላከ ተባለ። ድሮ መኪናህን የሚያበላሽብህ ሰው ቢያንስ ካቻቢቴውን ይዞ እደጅህ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ዓይን ዓይኑን እያየህ ትጣላዋለህ። አሁን አንተ ተኝተህ፣ እሱ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ፣ በአንድ ጣት ይጨርሰዋል።

የቴስላው ሳይበርትራክ ጉድ ደግሞ ለብቻው ነው። በኤፕሪል 2024 ኩባንያው 3,878 መኪኖች ለጥገና ይመለሱ ብሎ ጠራ። የፍጥነት ፔዳሉ ክዳን ተንሸራቶ ፔዳሉን እንደተረገጠ ሊያስቀረው ይችላል ተባለ። ለምን ተንሸራተተ? ሲገጣጠም በቀላሉ እንዲገባ ሳሙና ተቀብቶ ነበር። በማርች 2025 ደግሞ ከ46 ሺህ በላይ መኪኖች እንደገና ተጠሩ፤ ያን ጊዜ ምክንያቱ ሙጫ ነው። ከላይ የተለጠፈው የብረት ጠርዝ እየለቀቀ ሊወድቅ ይችላል ተባለ።

ይህን ለጉባኤው ሳነብላቸው አዛውንቱ ጋዜጣውን ከእጄ ሊቀበሉኝ ምንም አልቀራቸው። «ሳሙና? እኛ እኮ የቤንዚን ታንክ ሲያፈስብን ሳሙና ለጥፈን ጎንደር ገብተናል። የእኛ ሳሙና ያጣብቅ ነበር!»

ነገሩን በቁጥር ልይ ለሚል፣ ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት በ2023 መጨረሻ ባወጣው የባለመኪናዎች ጥናት የቅርብ ዓመታት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቤንዚኖቹ 79 በመቶ የበለጠ ችግር አሳይተዋል። በዓመቱ ልዩነቱ ወደ 42 በመቶ ወረደ። ሞተሩ ግን ከክሱ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ተንቀሳቃሽ ክፍሉ ጥቂት ነው፤ ዘይት አይለምንም፣ ቺንጊያ አይበጥስም። የፍሬን ሸራ እንኳ ቶሎ አያልቅም፤ ፍጥነት ሲቀነስ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ንጉሡ ደህና ናቸው። የታመመው አጃቢው ነው፤ እጀታው፣ ስክሪኑ፣ የቻርጅ መሰኪያው፣ ፕሮግራሙ።

ታሞ ሐኪም ጋ መድረስ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ድሮ ጋራዥ ስንሄድ መካኒኩ «ነገ ና» ይል ነበር። ነገ ስንሄድ «ዕቃው አልመጣም»። ውሸት ነው፤ ግን ፊት ያለው ውሸት ነው። ሻይ ይታዘዛል። ዋጋ ይጠራል፣ ዋጋ ይወርዳል፣ «አንተ ስለሆንክ ነው» ይባላል። ተናደን ገብተን ወዳጅ አፍርተን እንወጣለን።

አሁን ያለው አፕ ነው። «ጥያቄዎ ደርሶናል» ይላል። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የእድሩን አዳራሽ ኪራይ በግማሽ ያስወረደ ሰው ከአፑ ጋር የሚከራከርበት ቀዳዳ አጣ። «ስልክ አለው፣ ኢሜይል አለው» አለኝ፤ «የሚለመን ሰው ግን የለውም።»

ተስፋ ሲቆርጥ የአገር ልጅ ጋራዥ ወሰዳት። ልጁ ከሥሯ ገባና ብርቱካናማ ገመድ አየ። በኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ብርቱካናማ ገመድ የከፍተኛ ቮልቴጅ ምልክት ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያልፍበታል። ልጁ ከሥሯ ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ጋሼ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለው። ሻዩን ግን ጋብዞታል።

ይህ የጥገና ጉዳይ አሜሪካኖቹንም ከንክኗቸዋል። የማሳቹሴትስ መራጮች በ2020፣ መኪና በአየር ወደ ኩባንያው የሚልከው የብልሽት መረጃ ለባለመኪናውና እሱ ለመረጠው መካኒክም ይከፈት ብለው ከአራት ሦስት እጅ በሚሆን ድምፅ ወሰኑ። አምራቾቹ ውሳኔውን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። እኛ ዘንድ ማንም መንገደኛ ሳይጠራ የሚያደርገውን፣ እነሱ በሕዝብ ድምፅና በጠበቃ ያደርጉታል።

መበላሸትማ ላዳም ይበላሻል። የላዳ ብልሽት ግን የሰፈር ነበር። መንገደኛው ይገፋል፣ ሊስትሮው ጎማ ሥር ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ባለ ሱቁ ውሃ በጆግ ያመጣል፣ ሁሉም አስተያየት አለው። የድሮዋ ሰይቼንቶ፣ ፊያት 600፣ ክብደቷ 600 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ጎረምሳ ይበቃታል። የኤሌክትሪኩ ሐመር ፒካፕ ከአራት ቶን በላይ ነው። ባትሪው ብቻ ከ1,300 ኪሎ ይበልጣል፤ ሁለት ሰይቼንቶ ደርበን ብንመዝን ባትሪው ይከብዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሆናል፤ ሐመር ግን አይገፋም። ገመድ አስሮ መጎተትም ቀርቷል፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ እየዞረ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ ስለሚችል፣ የታመመችው መኪና እንደ ደንቡ ተጭና ነው የምትሄደው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ደርሰን እንመለስ። የገንዘብ ያዣችን የእህት ልጅ እዚያ መካኒክ ነው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ በመለዋወጫ ሱቆች መሃል ላዳና ቪትዝ ሲፈታ ያደገ ልጅ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አቶ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር አይገባም ሲሉ፣ ልጁ ሙያው በአንድ ጀምበር ሙዚየም የገባ መሰለው። ነዳጅ የሚሸመተው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከወንዛችን ነው የሚለው ምክንያት ገብቶታል። ያልገባው የራሱ እንጀራ ነው።

ከዚያ የቻይና መኪኖች መጡ። ስክሪናቸው ቻይንኛ፣ ንግግራቸው ቻይንኛ። ባለቤቱ መስኮት ክፈቺ ቢላት በማታውቀው ቋንቋ ይቅርታ የምትጠይቅ መኪና ይዞ ወደ ልጁ ይመጣል። የሦስት ሳምንት ቀጠሮ የሚሰጥ አፕ የለም። ስለዚህ ልጁ ፈታት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል፤ እሱ ጠምጥሞ ነው የተማረው። እስከ ዛሬ ቻይንኛ አያነብም፤ የቱ ሥዕል ሲነካ ምን እንደሚሆን ግን ይነግራችኋል።

ከአዲስ አበባ ተመልሰን አሁን ወደ አንድ ሙት ዓመት እንግባ።

የእድራችን አባል የሆኑ እናት ለባለቤታቸው ሙት ዓመት አወጡ። ዶሮው የተሠራው ገንዘብ ያዣችን ቤት ነው። ድስቶቹ የት ይጫኑ ሲባል መልሱ ግልጽ ነበር፤ ኮፈኑ ሥር ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ምንጣፍ አለው። አዳራሹ በር ላይ በሰላም ደረሱ። ገንዘብ ያዣችን ወርዶ ስልኩን ነካ አደረገ።

ኮፈኑ አልተነሳም። እንደገና ነካ። ስክሪኑ ጨልሟል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ በሩ አይሰማም። ዶሮው ታሰረ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አባቶች። ይቺ አድርሳ ነው የተዋጋችው።

ውስጥ ጸሎቱ አልቋል። እንጀራው ቀርቧል። እንግዳው እጁን ታጥቦ ጣቶቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ኩባንያው ጋ ተደወለ፤ የምትጭናት መኪና በአራት ሰዓት ውስጥ ትደርሳለች ተባለ። ጉባኤው በተዘጋው ኮፈን ዙሪያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፤ የሚለው ግን አጣ። የዶሮው ሽታ በጠርዙ እየወጣ ያሾፍብናል። አንድ ጎረምሳ «በፌሮ እንክፈተው» ሲል ገንዘብ ያዣችን እጁን ዘርግቶ ኮፈኑ ላይ ተኛ።

የእህቱን ልጅ እንደውል ያለችው ሚስቱ ናት። አዲስ አበባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ልጁ እራት ላይ ነበር። በቪዲዮ መኪናዋን አዟዙረው አሳዩት።

«ጋሼ» አለ እየጎረሰ፣ «አሥራ ሁለት ቮልቷን አይተዋታል?»

ለካ ያን ሁሉ ትልቅ ባትሪ የተሸከመች መኪና ሌላ ትንሽ ባትሪ አላት፤ ላዳም የነበራት ዓይነት 12 ቮልት። ትልቁን ባትሪ ከመኪናዋ ጋር የምታገናኘው፣ ኮምፒዩተሩን የምትቀሰቅሰው፣ በሩንና ኮፈኑን የምታዘው እሷ ናት። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሞልቶም ከእንቅልፉ አይነሳም።

«የት ናት?»

«እሷማ ኮፈኑ ሥር ናት፣ ጋሼ።»

ዝም ተባለ። ኮፈኑን የምትከፍተው ባትሪ ኮፈኑ ሥር ናት። «ይህን የነደፈው ሰውዬ» አለ አንዱ ቆይቶ፣ «ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በመስኮት ወደ ውስጥ የሚወረውር ነው።»

«አይጨነቁ» አለ ልጁ። «ከፊት መከላከያው ላይ ትንሽ ክዳን ይፈልጉ። እሷን ሲያነሱ ቀይና ጥቁር ሽቦ አለ። እዚያ ላይ ከሌላ መኪና ኬብል ያስነኩ፤ ኮፈኑ ይከፈታል። የእኛዎቹም አንዳንዶቹ እንዲሁ ናቸው።»

አዛውንቱ ክራውን ቪክቶሪያቸውን ከሸጡ ቆይተዋል፤ ኬብላቸውን ግን አልሸጡም። ከአሮጌ ኮሮላቸው ኋላ አወጡት። ኮሮላዋ ተነሳች፣ ሽቦው ተነካ፣ ኮፈኑ ብድግ አለ። በሙት ዓመት እልል አይባልም ያሉ ነበሩ፤ ዘግይተው ነው ያሉት።

ድስቶቹ እየተቀባበሉ ወጡ። ምንጣፉ ተገለጠ። ከሥሩ አቧራ የቀመሰች፣ ቀይና ጥቁር ራስ ያላት፣ ሁሉም ከልጅነቱ የሚያውቃት ባትሪ ተገኘች። ጉባኤው ነፍስ ዘራ።

«ጥቁሩን መጨረሻ ላይ!»

«ኮሮላዋን ነዳጅ ስጣት!»

«ቆይ፣ ትንሽ ትጠጣ!»

የጠፈር መንኮራኩር የምትመስለው የሦስት ቶን ፒካፕ በአሮጌ ኮሮላ ጉልበት ዓይኗን ገለጠች። ጫኚው መኪና ሲደርስ ዶሮው አልቆ ቡና ሁለተኛ ላይ ነበር። ሾፌሩ ምን ሆና ነው ብሎ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ባትሪው ነው» አለው። «እሱማ» አለ ሾፌሩ ግራ ተጋብቶ፣ «መኪናው ሁለመናው ባትሪ አይደለም እንዴ?»

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ፎርድ በባትሪ ብቻ የሚሄደውን ላይትኒንግ ማምረት እንደሚያቆም፣ ቀጣዩም ባትሪውን የሚሞላለት የነዳጅ ሞተር እንደሚገጠምለት አስታወቀ። አዛውንቱ ዜናውን ሲሰሙ አልተገረሙም። «ሌባው ሞተሩን መለሰዋ» አሉ።

የቀረው የአዲስ አበባው ልጅ ሒሳብ ነበር። ገንዘብ አልጠየቀም። የመኪናን ብልሽት የሚያነብ ስካነር ብቻ ላኩልኝ አለ። ገንዘብ ያዣችን ወጪውን ከየትኛው ርዕስ ሥር እንደሚያስገባው ሲጨነቅ ሰንብቶ፣ መዝገቡን ከፍቶ ለሙት ዓመቱ የወጣውን አንድ በአንድ ጻፈ፦ ዶሮ፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ስካነር። ኦዲተራችን ጥያቄ አላነሳም፤ ከዶሮው እሱም በልቷል።